እልልታን የለመደው ዳማ

እኛ ልጆች ሳለን፣ ስሙኝ እንጂ፣ እኛ ልጆች ሳለን ሙሽራ በባጃጅ አይመጣም ነበር! ምን ባጃጅ አለና። ሙሽራ በፈረስ ነው፣ ያውም ራሱ በሚጋልበው ፈረስ። አንተ ዑመር፣ ዱላውን አስቀምጥ አልኩህ! ይኸው ውጫሌ ገበያ ላይ ፈረሴ ከባጃጅ ደነበረብኝ ብሎ መጥቶ፣ ያን የመሰለ ለጋ ፈረስ ሊደበድብ። ከአያትህ ፊት? ተቀመጥ። እህትህ በስልኳ እየቀዳች ነው አሉ፣ ትቅዳ፣ ግድ የለም። እኔ መዲና ፈረስ ምን እንደሆነ ልንገርህ።

ፈረስ አፍ የለውም፣ ጆሮ ነው ያለው። የሚያወራው በጆሮው ነው። ወደፊት ሲቀስረው «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ማለቱ ነው። አንዱን ወደፊት፣ አንዱን ወደ አንተ ካደረገው እያዳመጠህ ነው፣ አናግረው። ሁለቱንም ወደኋላ ከለጠፈው ግን እግሬ አውጪኝ በል! እኔ ይህን ማንም አላስተማረኝም። ወንድሜ ሙሄ፣ አሏህ ይዘንለትና፣ ያገባበት ዳማ ፈረስ እኛ ቤት ተወልዶ ጡት ከጣለ ጀምሮ ገብሱን የማቀርብለት እኔ፣ ሣሩን የማጭድለት እኔ፣ ደጃችን ካለው ሐይቅ ዳር ወስጄ የማጠጣው እኔ ነበርኩ። ታዲያ ለመጋለብ ሲደርስ «ዞር በይ!» የወንድ ነዋ። እስኪያድግ የእኔ፣ ካደገ የእነሱ።

የሚገራው አጎቴ ይመር ነበር። አይ አጎቴ፣ እሱስ የዋዛ አልነበረም። ብልሃቱ ምን መሰላችሁ፣ ለጋውን ፈረስ ይይዝና ሐይቁ ውስጥ ሆዱ ድረስ ያስገባዋል፣ ከዚያ ቢስሚላሂ ብሎ ይወጣበታል። ውሃ ውስጥ ፈረስ እንደልቡ አይራገጥማ! ቢጥልህም ውሃ ላይ ነው፣ ረጥበህ ትነሣለህ። እንዲያ እንዲያ እያለ ሰው መሸከም ያለምደዋል፣ ከዚያ ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ ሜዳ። ግን አንድ ነገር ነበረበት። ጩኸት አይወድም። «ዝም! ፈረስ እየተገራ ነው! ሴቶች ወዲያ በሉ!» ይላል፣ ልብስ የሚያጥቡትን ሳይቀር ከዳሩ ያባርራል። እና ዳማው ኮርቻውንም ለመደ፣ ልጓሙንም ለመደ፣ ሶምሶማውን ብታዩት ደግሞ ያስቀናል። የሴት ድምፅ ግን ከእኔ በቀር አልሰማም። እኔ ደግሞ ያኔ ዝምተኛ ነበርኩ። ምን ያስቃችኋል? ወላሂ ዝምተኛ ነበርኩ!

ታዲያ ሙሄ ዘሐራ የምትባል ልጅ ታጨችለት። የአምባሰል ልጅ ናት፣ ከውጫሌ በላይ ካለው አገር። አባቷ አባ ሁሴን የታወቁ ፈረሰኛ ናቸው፣ በአረፋ ሜዳው ላይ እሳቸው ሲጋልቡ ሰው ሥራ ፈትቶ ነው የሚያይ። እና የሠርጉን ቀን ለመቁረጥ ሙሄና አጎቴ ሲሄዱ፣ ሙሄ «ለአማቼማ ዳማዬን ሳላሳይ!» ብሎ ለጋውን ፈረስ ጭኖ ወጣ። ሲሄዱ ደስ ብሏቸው ነው። ሲመለሱ ሙሄ በእግሩ፣ ነጠላው ጭቃ፣ አጎቴ አንገቱን ደፍቶ። ፈረሱ ቀድሟቸው ብቻውን ገብቷል።

«ምን ሆናችሁ?» አልን።

 የመለሰልን አጎቴ ነው። «አባ ሁሴን ደጅ እስክንደርስ እንደ በግ ነበር። ደጁ ጋ ስንደርስ ይሄ ከንቱ ፈረስ ሽቅብ ቆመና ሙሄን ጎመኑ መሐል ዘረጋው! ሰው እያየ! ሙሽሪት ሳትቀር በበሩ ቀዳዳ እያየች!»

«አባ ሁሴንስ ምን አሉ?»

አጎቴ እንግዲህ እሳቸውን ሲያስመስል ደረቱን ነፋ፣ ጢሙን ይዞ፣ «‹ልጄ፣ ተነሣ። ጎመኑ ግድ የለም፣ ይበቅላል። ነገር ግን ፈረሱን ያልያዘ ቤት አይዝም። የሠርጉ ዕለት በዚሁ በዳማህ፣ በሌላ አይደለም በዚሁ በዳማህ፣ እስከ ሠርጉ ዳስ በር ድረስ ከገባህ ልጄን ውሰድ። ካልገባህ ወደ እርሻህ በጊዜ ተመለስ› አሉ።»

ሳቁ ሳቁ፣ ያኔ ግን አልተሳቀም። ወንድሜ ዘሐራን ይወዳት ነበር። ዘመድ መረጠለት ተብሎ አይደለም፣ ልቡ ወዷት ነው፣ ስሟን ሲጠሩበት ጆሮው ይቀላ ነበር። ያን ዕለት እህል አልቀመሰም። በማግስቱ እንደነቃ አለንጋ ይዞ ወደ ፈረሱ ሲሄድ አየሁት። ሮጬ መሐላቸው ገባሁ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ላስተምረው!»

«ምኑን ነው የምታስተምረው? ምን እንዳስፈራው ታውቃለህ?»

«ጥጋቡ ነው!»

«ቆይ እስቲ፣ ሰው አይቶ ነው የደነበረ?»

«ሰውማ መንገዱን ሙሉ ሲያይ ነው የሄደ።»

«ውሻ ወጣበት?»

«አልወጣም። በቃ ደጁ ጋ ስንደርስ፣ ሴቶቹ ወጥተው እልል ሲሉ፣ ወዲያው…»

  አጎቴ ከኋላችን ቆሞ ይሰማ ኖሮ፣ «ያኢላሂ!» አለና ግንባሩን መታ። እልልታ! ፈረሱን ለሠርግ ሲገሩት ከርመው እልልታ የሚባል አላሰሙትም! እስቲ እልልታ የሌለበት ሠርግ በየት አገር ነው ያለ?

ሙሄ ምን አለ መሰላችሁ፣ «በቃ ጆሮውን በጥጥ እንድፈነው።» «ጆሮውን ደፍነህ በምን ሊሰማህ ነው? ድንጋይ ላይ ልትቀመጥ ነው?» አልኩት። «ታዲያ ምን ይሻላል?» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ያኔ አሳዘነኝ። «ፈረሱን ለእኔ ተወው፣» አልኩት። አጎቴ «ሴት ፈረስ ልትገራ?» ሲል፣ «የምገራውስ ፈረሱን አይደለም፣ እናንተ ያጎደላችሁትን ልሞላ ነው» አልኩት። 

ስማ ዑመር፣ አሁን ነው ጆሮህን መስጠት። ፈረስ የፈራውን ነገር ብታርቅበት ፍርሃቱ አብሮት ያረጃል። ብትደበድበው ደግሞ ያን የፈራውን ነገርና ዱላውን አንድ ላይ ያስባቸዋል፣ የባሰውን ይጠላዋል። ከሚወደው ጋር ነው ማምጣት። ዳማው ደግሞ ምን ይወዳል? ገብስ! እና ገብሱን በቁና ይዤ ሜዳው ጫፍ፣ ራቅ ብዬ ቆምኩና፣ ቀስ አድርጌ፣ እልል… አልኩ። ገመዱን ሊበጥሰው! ዓይኑ ነጭ በነጭ ሆነ። አልቀረብኩትም። ገብሱን አስቀምጬለት ሄድኩ። በነጋታው እንደዚያው፣ በነጋታው እንደዚያው። መጀመሪያ ጆሮውን ይለጥፍ ነበር፣ ከዚያ አንደኛውን ወደ እኔ ማዞር ጀመረ፣ ከዚያ አንድ ቀን እልል ስል፣ ሱብሃነላህ፣ አንገቱን አቅንቶ አሽካካልኝ! «አምጪው!» ነው የሚለው። እኔ እዚያው ሜዳው ላይ ብቻዬን አለቀስኩ፣ ከደስታዬ ብዛት።

ታዲያ ለካ ጎረቤት ይሰማል። እቴ አስካለ የምትባል ክርስቲያን ጎረቤት ነበረችን፣ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። አንድ ቀን የገንፎ ዱቄት በአንድ እጇ፣ ቅቤ በአንድ እጇ ይዛ እየሮጠች መጣች። «እሰይ! እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት! ማን ናት የተገላገለች?»

«ማንም የለም እቴ አስካለ፣ ለፈረሱ ነው።»

«ለምኑ?»

«ለፈረሱ ነው እልል ያልኩት።»

ቅቤውን መሬት አስቀመጠች። «በእመቤቴ! ይቺ ልጅ ለየላት!» ነገሩን ስነግራት ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ስቃ ስትጨርስ ምን አለች፣ «እና ይሄ እልልታ ነው ትያለሽ? ይሄ የጫጩት ነው። የአምባሰልን ሴቶች እልልታ ሰምተሽው ታውቂያለሽ? ዞር በይ!» አለችና አንድ ጊዜ ለቀቀችው። ወዬው! ሐይቁን ተሻግሮ እስጢፋኖስ ገዳም የሚሰማ እልልታ! ዳማው ገመዱን በጥሶ ውሃው ውስጥ ገባ። አጎቴ እየተሳደበ አወጣው።

እሷ ግን በማግስቱ መጣች፣ የማኅበር ጓደኞቿን አስከትላ። የእኛዎቹ ሙስሊም ሴቶችም ድቤ ከበሯቸውን ይዘው መጡ። ገብሱን እኔ፣ እልልታውን እነሱ፣ ድቤውን እነሱ። ከሐይቅ ከተማ ገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ እየቆመ «ምን በዓል ነው? ማን አገባ?» ይላል። «ፈረሱ!» ትላለች አስካለ። አጎቴ ራሱን እየነቀነቀ፣ «ጉድ ነው! ሙሄን ስንድር ፈረሱን ሙሽራ አደረጋችሁት!» ይላል። በኋላ ሙሄን አስወጣንበትና በሴቶቹ መሐል አስገባነው፣ መጨረሻ ላይ ገብሱ አለ። ዳማው እልልታ ሲሰማ መሸሹ ቀርቶ የሚይዘው ጠፋ፣ ወደ እልልታው ነው የሚሄደው!

የሠርጉ ዕለት እኔም ከአጃቢዎቹ ጋር ሄድኩ። «ሴት ከሚዜ ጋር?» ያለ ነበር፣ አጎቴ ነው «ብትቀር ፈረሱን ማን ይመልስልናል?» ብሎ ያስወሰደኝ። ዳገቱን ወጥተን አባ ሁሴን ደጅ ስንደርስ ምን እናያለን፣ ሴቱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፏል! የቀረ ሴት የለም፣ አሮጊቱ፣ ልጃገረዱ። አባ ሁሴን ጢማቸውን ይዘው ዳሱ በር ላይ ቆመዋል። ገባኝ። ሆን ብለው ነው ያሰለፏቸው። 

እልልልል አለ አገሩ! ዳማው ቀጥ አለ። ሙሄን ቀና ብዬ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል፣ የልጓሙን ዛብ አንቆ ይዞታል። አንተ ስትፈራ ፈረሱ በእጅህ በኩል ነው የሚያውቀው! «ሙሄ! ላላ አድርገው! ላላ!» ብዬ ጮህኩ። ዛቡን ለቀቅ አደረገው። ዳማው ጆሮውን ቀሰረ፣ አንገቱን ቆለመመ፣ ከዚያ በሶምሶማ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ጋማው እየዘለለ፣ በሴቶቹ መሐል ገባ! እነሱ እልል ባሉ ቁጥር እሱ ይኮራል። ሰው ጉድ አለ። ዳሱ በር ደረሰ፣ ሙሄ ሊወርድ ነው፣ የት ይቆማል! በአባ ሁሴን አጠገብ አልፎ ዳሱ ውስጥ ገባ! እልልታው ካለ ገብሱ አለ ነው የሚለው። ቀጥ ብሎ ሄዶ የሙሽሪት እናት ከያዙት ሰፌድ ላይ የገብስ ቆሎውን መብላት ጀመረ።

 እናትዮዋ ደንግጠው ደንግጠው፣ «ምን ይደረግ፣ ይብላ! አማች አይደለም?» አሉ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ! አባ ሁሴን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ «እኔ የዳሱ በር ብል እሱ ጓዳ ሊገባ ነው! ይህን ፈረስ ማን ገራው?» አሉ።

ሙሄ አጎቴን አየው፣ አጎቴ ሙሄን አየው። እኔ ከሰው ኋላ ነኝ። ሙሄ እዚያው ኮርቻው ላይ እንዳለ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «እህቴ መዲና ናት። እኔማ ልደበድበው ነበር» አለ።

«የታለች?»

ገፍተው አወጡኝ። አባ ሁሴን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ «እስቲ ውጪበት፣» አሉ። አጎቴ «ሴት ልጅ፣ በሙሽራ ፈረስ?» ሊል ሲጀምር፣ «ዝም በል ይመር፣ አንተ አስተምረኸው ጎመኔን ነው ያስጨረስከኝ!» አሉት። ሙሄ ወረደና እርካቡን ራሱ ያዘልኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ። ያን ሜዳ፣ ልጆች፣ ያን የአምባሰል ሜዳ ሽምጥ ጋለብኩት! ነጠላዬ ከኋላዬ ተንሳፈፈ። ከዚያ ወዲያ ለጋ ፈረስ ያለው ሁሉ ከሐይቅም ከውጫሌም እኛ ደጅ ይመጣ ነበር፣ «መዲና አለች?» እያለ። ግን የዚያን ዕለቱን የሚያህል የለም። ስዞር ሴቶቹ እልል አሉ፣ ለዳማው አይደለም፣ ለሙሽራውም አይደለም፣ ለእኔ። እናንተ አታውቁም፣ ወንድ ሲወለድ እልልታው ይረዝማል፣ ሴት ስትወለድ አጠር ተደርጎ ይቆማል። እናቴ ስትነግረኝ፣ እኔ ስወለድማ ገና ከመጀመሩ ነው ያቆሙት። ያን ዕለት የቀረብኝን ሁሉ ከፈሉኝ።

— (ስልኩን የያዘችው የልጅ ልጃቸው) እማ፣ እኔ ስወለድስ?

አንቺ ስትወለጂ? አንቺ ስትወለጂማ እልል ያልኩት እኔ ነኝ! «በቃ መዲና፣ ሴት ናት እኮ» ቢሉኝ፣ ቢሉኝ፣ ማን ሊያስቆመኝ! (ሁሉም ይስቃሉ።)