በሆልቃ ቢሻኒ ዋሻ ስለተቆረጠው ገመድ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ዓይናዲስ ብሩ
ዕድሜ፦ 31
የትውልድ ስፍራ፦ ደብረ ማርቆስ
ሥራ፦ ነርስ
አድራሻ፦ አሰበ ተፈሪ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥቅምት 25 ቀን 1979 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ የሃምሳ አለቃ አያና

ከላይ ስሜ የተጻፈው እኔ፣ በእምነቴ መሠረት ምዬ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ተጠርጣሪውን አቶ መስዑድ በድሪን የማውቃቸው ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስለምኖር ነው። ጫት ነጋዴ ናቸው። ባለቤታቸው ረዲያ ጓደኛዬ ናት። ተከራያቸው በመሆኔ ለእሳቸው አድልቼ እንደሆነ ተጠይቄ፣ የሚከራይ ቤት በከተማው እንደማይጠፋ፣ የምናገረውም ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ መሆኑን መልሻለሁ።

ከበደሳ ወጣ ብሎ የሚገኘውንና የአካባቢው ሰው ሆልቃ ቢሻኒ፣ ማለትም የውኃ ዋሻ፣ የሚለውን ስፍራ ለማየት የፈለገችው ረዲያ ናት። የገበሬ ማኅበሩ ዋሻውን ለጎብኚ ከፍቶ መሪ ይመድባል። መምህራንና ተማሪዎች አይተውት መመለሳቸውን ሰምታ ስትጎተጉተን ነበር የከረመችው። እሑድ ጥቅምት 23 ቀን ባልና ሚስቱ፣ እኔና የላቦራቶሪ ባለሙያው የሥራ ባልደረባዬ ጎበዜ ሆነን በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ በደሳ ሄድን። ከዚያ በእግር ተጉዘን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ዋሻው በር ደረስን።

የተመደቡልን መሪ ተጎጂው አቶ ዘይኑዲን ዓሊዩ ነበሩ። እሳቸውና አቶ መስዑድ ሰላምታ ሲለዋወጡ አይቻለሁ። ሰላምታው አጭር ነበር፤ እጅ ለእጅም አልተጨባበጡም። ረዲያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ የባሏ አባት መሬት ከአዋጁ በኋላ ለአቶ ዘይኑዲን ቤተሰብ መደልደሉን፣ ሁለቱም ከዚያ ወዲህ ተኳርፈው መኖራቸውን ነገረችኝ። ባሏንም እንመለስ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አቶ መስዑድ “መጥተናል፤ አይተን እንሄዳለን” አሉ። ከዚህ ሌላ እስከ አደጋው ድረስ ከሁለቱም አፍ ክፉ ቃል አልሰማሁም።

አቶ ዘይኑዲን ፋኖስ ይዘው፣ ገመድ ትከሻቸው ላይ አድርገው ከፊት ገቡ። ጎበዜ የእጅ ባትሪ ይዞ ነበር። ዋሻው መግቢያው ላይ ሰፊ ነው። ከጣሪያው እንደ ቀለጠ ሻማ የተንጠለጠሉ ነጫጭ ድንጋዮች አሉት። መሪው በመዳፋቸው መታ ሲያደርጉት እንደ ከበሮ የሚያስተጋባ ድንጋይ አሳዩን፤ ረዲያ ደስ ብሏት እሷም ደጋግማ መታችው። ወደ ውስጥ ስንዘልቅ መንገዱ ጠበበ። አቶ ዘይኑዲን ቆመው፣ በስተግራ ጉድጓድ ስላለ ግድግዳውን በቀኝ እጃችን ይዘን እንድናልፍ አስጠነቀቁን። ግማሽ ያህሉን እንዳለፍን ጎበዜ ባትሪውን ወደ ጣሪያው ሲያበራ የሌሊት ወፎች ተነሥተው በላያችን በረሩ። ረዲያ ፊቷን በእጇ ሸፍና አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሸሸች። እግሯ የረገጠው ባዶ ነበር።

የገፋት ሰው እንዳለ ተጠይቄ፣ ከኋላዋ የነበርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ማንም እንዳልነካት ተናግሬአለሁ። ልይዛት ብዘረጋም እጄ ላይ የቀረው ሻርፗ ብቻ ነው። ጎበዜም ሊደርስላት ሲወረወር ባትሪው ከእጁ አምልጦ ጉድጓዱ ገባ። ከዚያ በኋላ የነበረን መብራት ፋኖሱ ብቻ ነው።

ከታች የውኃ ድምፅና የረዲያ ሲቃ ይሰማ ነበር። አቶ መስዑድ ተንደርድረው ሊወርዱ ሲሉ አቶ ዘይኑዲን ደረታቸውን ይዘው አስቆሟቸው። ገመዱን ለአቶ መስዑድና ለጎበዜ አስይዘው ራሳቸው ወረዱ። ጉድጓዱ ቤት የሚያህል ጥልቀት አለው፤ ውኃው በዚያ ሰዓት ከጉልበታቸው በታች ነበር። ረዲያን ከብብቷ ሥር በገመዱ አስረው እንድንስብ ተጣሩ። ሦስታችንም ሳብን።

ስትወጣ ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ትንፋሽ አጥሯታል። ገመዱ ውኃ ጠጥቶ፣ የሰውነቷ ክብደትም ስቦት ደረቷን ቀፍድዶ ነበር። ቋጠሮውን በጥርሴ ጭምር ሞከርኩት፤ አልፈታ አለ። አቶ መስዑድን “ቁረጡት፣ ትሞታለች” ያልኳቸው እኔ ነኝ። ጫት ሲያስሩ የሚጠቀሙባትን ካራ ከወገባቸው አውጥተው ገመዱን ከቋጠሮው በላይ ቆረጡት፤ ደረቷ ላይ የተጠመጠመውንም ጀርባዋ ጋ በጥሰው አወለቁት። በኤግዚቢትነት የተያዘውን ገመድ እንድመለከት ተደርጌ፣ በስለት የተቆረጠው ጫፍ ይኸው መሆኑን አረጋግጫለሁ። ገመዱ ሲቆረጥ አቶ ዘይኑዲን ጉድጓዱ ውስጥ ቆመው ነበር፤ ገመዱ ላይ አልነበሩም።

የተረፈው ገመድ አጥሮ ስለነበር ስንለቅላቸው አልደረሰላቸውም። የጎበዜን ቀበቶና የረዲያን ሻርፕ ቀጠልንበት። አቶ ዘይኑዲን ሻርፑን ይዘው እግራቸው ከውኃው እንደተነሣ ሻርፑ ተቀደደ። ተመልሰው ሲወድቁ አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያም በኦሮምኛ ተናገሩ። አቶ መስዑድ “መብራቱን ይዛችሁ ሂዱ ነው የሚለው” አሉን። ጎበዜ ተቆጣ። “ይህን የምትለው አንተ ነህ እንጂ እሱ አይልም” አላቸው። አቶ መስዑድ የሚስታቸውን ጭንቅላት ክንዳቸው ላይ እንደያዙ “ወላሂ እሱ ነው ያለው” አሉ። እኔ ኦሮምኛ ብዙ አልችልም። ነገር ግን አቶ ዘይኑዲን “ዴማ” ማለታቸውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሂዱ ማለት መሆኑን ከታካሚዎቼ አውቃለሁ።

ረዲያ ክንዷ ተሰብሯል፤ መራመድ አልቻለችም። ጠባቡን መንገድ ተሸክሞ ለማሳለፍ ሁለት ወንድ ያስፈልግ ነበር፤ ያለ መብራት ደግሞ አይታሰብም። ከመንደሩም ረጅም ገመድ መምጣት ነበረበት። ሰው ከታች ትቶ መውጣት ግን ለእኔ አልሆነልኝም። ሦስቱ ፋኖሱን ይዘው እንዲሄዱ፣ እኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ እንድቆይ ተስማማን። አቶ መስዑድ ከመሄዳቸው በፊት ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብለው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ምን እንዳሉ አላውቅም።

የፋኖሱ ብርሃን ጥግ ላይ ከታጠፈ በኋላ የራሴን እጅ አላየሁም። በደረቴ ተኝቼ ግድግዳውን በአንድ እጄ ይዤ ስማቸውን እጠራ ነበር። እሳቸው “ጂራ” ይሉኛል፤ አለሁ ማለት ነው። ላይኛው አገር ዘንቦ እንደሆነ እንጃ፣ ከታች የሚሰማው የውኃ ድምፅ እየተለወጠ መጣ። እስከ የት እንደደረሰባቸው ስጠይቃቸው በአማርኛ “ወገብ” አሉ። ሌላ ጊዜ ስጠይቅ “ሲስተር፣ እግሬን አላውቀውም” አሉኝ። በሥራዬ ብዙ ሰው ሲያጣጥር አይቻለሁ፤ ሳላይ መስማት ግን ለእኔ አዲስ ነበር። እንቅልፍ እንዳይወስዳቸው ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ከብቶቻቸው ጠየቅኳቸው። መልሳቸው እያጠረ ሄደ። በመጨረሻ ስጠራቸው ዝም አሉ። ደጋግሜ ጠራሁ። ፈርቼ እንደሆነ ተጠይቄ፣ በጣም መፍራቴን፣ ስማቸውን መጥራት ካቆምኩ የሞቱ ስለመሰለኝ አለማቆሜን ተናግሬአለሁ።

ብርሃን ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው። ቀድመው የደረሱት አቶ መስዑድ ናቸው። ፋኖስና የወፍራም ገመድ ጥቅል ይዘው፣ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ መጡ። ከኋላቸው ጎበዜና የመንደሩ ሰዎች ነበሩ፤ የተጎጂው ወንድም አብዶ ዓሊዩም አብሯቸው ነበር። ማን ይውረድ በሚል ሰዎቹ ሲነጋገሩ አቶ መስዑድ ገመዱን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ከወንድምዬው በስተቀር ማንም አልከለከላቸውም፤ እሱም “አንተ አትወርድም” ብሎ ክንዳቸውን ያዘ። አቶ መስዑድ እጁን አስለቅቀው ወረዱ። አቶ ዘይኑዲንን ያገኟቸው ጭንቅላታቸው ብቻ ከውኃው በላይ ድንጋይ ተደግፎ ሳለ ነበር። ከወገባቸው በፈቱት ገመድ አስረው ወደ ላይ ላኳቸውና እሳቸው ሌላ ገመድ እስኪለቀቅላቸው እዚያው ቆዩ።

አብዶ ዓሊዩ ጉድጓዱ አፍ ላይ የቀሩትን ቁራጩን ገመድና ካራዋን ያየው ወንድሙ ከወጣ በኋላ ነው። አቶ መስዑድ ከጉድጓዱ እንደወጡ አንገታቸውን አነቀ። ሰዎችም አግዘውት ወደ ሚሊሺያ ወሰዷቸው። እኔና ጎበዜ ነገሩን ልናስረዳ ብንጮህም በዚያ ሰዓት የሰማን የለም። ወንድሙን ግን አልወቅሰውም፤ እኔም በእሱ ቦታ ሆኜ ያንን ገመድ ባየው ሌላ አላስብም ነበር።

ተጎጂው ቃል መስጠት ይችሉ እንደሆነ ተጠይቄ፣ በምሠራበት ሆስፒታል ተኝተው እስከ ዛሬ ሌሊት ድረስ ራሳቸውን እንዳላወቁ፣ ዛሬ ማለዳ ተረኛ ሳለሁ ዓይናቸውን እንደገለጡ ተናግሬአለሁ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ሴትዮዋ መውጣቷን ነው። ወጥታለች፣ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ተኝታለች አልኳቸው። ቀጥለው ማን ወርዶ እንዳወጣቸው ጠየቁኝ። አቶ መስዑድ መሆናቸውን ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ተመልሰው የተኙ መስሎኝ ልሄድ ስል “አንድ ላይ ነው ያደግነው። ከልጅነቱ ጨለማ ይፈራል” አሉ።

የሰጠሁት ቃል ይህ ነው። ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ የቀነስኩትም የጨመርኩትም የለም። ለዚህም በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ዓይናዲስ ብሩ
የመርማሪው ፊርማ፦ የሃምሳ አለቃ አያና