አፏጪው፣ ሯጩና ቆፋሪው በአንድ ሳጥን

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣

ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። አዳራሹን ያስዋባችሁ፣ ወንበር የተሸከማችሁ፣ እጃችሁ ይባረክ። ኬኩ ላይ በቸኮሌት በረሮ የሳልክልኝም፣ ማን እንደሆንክ አውቄሃለሁ። የበረሮ እግር ስድስት ነው እንጂ ስምንት አይደለም። ይህን ያህል ዘመን አብረን ሠርተን!

"አጠር አድርጊው" ተብያለሁ። አላሳጥረውም። የዕድሜዬን እኩሌታ ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ እናንተን ሳዳምጥ ኖሬአለሁ። ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

እዚህ የእንስሳት ማሳያ ማዕከል ውስጥ የነፍሳት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። እናንተ ግን "እመ በረሮ" ነው የምትሉኝ። ስሙን አልጠላሁትም። የጠላሁት አንድ ጥያቄ ነው። ኮሪደር ላይ ተጠይቄዋለሁ፣ ሊፍት ውስጥ ተጠይቄዋለሁ፣ አንዴማ ጥርሴን ልነቀል አፌን ከፍቼ ተጋድሜ ሐኪሙ ጠይቆኛል።

"ሁሉም በረሮ አይደል እንዴ?"

ነው። ግን አይደለም! ድመትና ነብር ዘመዳማቾች ናቸው ብሎ አንድ ክፍል አስገብቶ በር የሚዘጋባቸው ሰው አለ? በረሮ ላይ ሲሆን ግን ሁሉም ሰው ደፋር ነው።

ፊት ለፊት ግራጫ ሹራብ ለብሰው የተቀመጡትን እናት አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ለአዲሶቹ ልንገራችሁ። ባለቤታቸው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ሌላው ሰው ቤቱ ውሻ ያሳድጋል፤ እሳቸው በረሮ ያሳድጉ ነበር። ኩሽና ውስጥ በጫማ የምታባርሩት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። መዳፍ የሚሞላ፣ ክንፍ የሌለው፣ እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያብረቀርቅ ነው። መሬት ቆፍሮ ይኖራል፤ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ወደ ጉድጓዱ ጎትቶ ያስገባና እዚያው ይመገባል። እናቲቱ እንቁላል ጥላ የምትሄድ አይደለችም። ትወልዳለች። ከወለደችም በኋላ ለወራት ከልጆቿ ጋር እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ትኖራለች። እኛ "ቆፋሪ" እንለዋለን።

ሹፌሩ ሲሞቱ እኚህ እናት ሳጥኑን በታክሲ ጭነው መጡ። ክፍሌ በር ላይ ቆመው፣ "እኔ እነዚህን አልወዳቸውም፣ አልዋሽሽም" አሉኝ። "እሱ ግን ሲወዳቸው ለጉድ ነው። ምን እንደሚያይባቸው ዛሬም አልገባኝም። መጣል ደግሞ አንጀቴ አልቻለም። ትይዥልኛለሽ?"

"እይዝልዎታለሁ፣ እማማ።"

"ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ በፌስታል ደረቅ ቅጠል ይዘው ይመጡ ነበር። ቅጠሉን ሰጥተውኝ፣ ሳጥኑን በሩቁ አይተው፣ "አሉ?" ይላሉ። "አሉ፣ እማማ" እላለሁ። ይሄዳሉ።

እንግዲህ ያ ስብሰባ መጣ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይፍቀዱልኝ፤ ነገ ስለማያገኙኝ ዛሬ እናገራለሁ።

በወቅቱ ሦስት ዓይነት በረሮ በሦስት ሳጥን ነበረን። ቆፋሪዎቹ አንድ። ሲነኩ እንደ ተነፈሰ ጎማ "ፍስስስ" የሚሉት አፏጪዎች ሁለት። ሦስተኛዎቹ ሯጮቹ ናቸው፤ ቀያይ፣ ትንንሽ፣ ዛሬ አይተሃቸው ነገ እጥፍ ሆነው የሚጠብቁህ። ሥራ አስኪያጃችን ሦስቱን አንድ ትልቅ የመስታወት ሳጥን ውስጥ እንድናደርጋቸው ሐሳብ አቀረቡ።

"ጎብኚው ከሳጥን ሳጥን መዞር ይሰለቸዋል" አሉ። "ደግሞ አስቡት፣ የመቻቻል ተምሳሌት ይሆናል።"

እኔ ምን አልኩ? "ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ በረሮ ተምሳሌት አይደለም። በረሮ በረሮ ነው" አልኩ።

ሰው ሳቀ። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም! አንዱ እርጥብና ጥልቅ አፈር ይፈልጋል፣ ሌላው ደረቅና ሙቅ። አንዱ በዓመት ጥቂት ይወልዳል፣ ሌላው ወልዶ አይጠግብም። አፏጪው መስታወት ይወጣል፣ ሯጩ ቀዳዳ ካገኘ አይመለስም። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አስረዳሁ። ጉሮሮዬ ደረቀ። የዓሣ ክፍሉ ወንድሜ፣ አዎ አንተ፣ አትደበቅ፣ እጅህን አውጥተህ ምን አልክ?

"እኔ ገንዳ ውስጥ ስንት ዓይነት ዓሣ አንድ ላይ ይኖር የለም እንዴ?"

እግዜር ይይልህ። ድምፅ ተሰጠ። ተሸነፍኩ። "ለትንሽ ጊዜ ይሞከርና እናያለን" ተባለ።

አናጺያችን ቆንጆ ሳጥን ሠራ፤ እሱን አልወቅሰውም። የተቻለኝን አደረግሁ። አፈሩን በአንድ ጎን ከመርሁት፣ ቅርፊትና ካርቶን በሌላው ጎን ደረደርሁ፣ አፏጪዎቹ እንዳይወጡ አፉን ዙሪያውን ቫዝሊን ቀባሁት። መጀመሪያ ሰሞን ሰላም ነበር። ሥራ አስኪያጁ በአጠገቤ ባለፉ ቁጥር ፈገግ ይላሉ። "አዩ?" ይሉኛል። እኔም "ቆዩ" እላለሁ።

ብዙም አልቆየም። ሯጮቹ ተራቡ። ተባዙ፣ እንደገና ተራቡ። የምሰጣቸውን ካሮት ጨርሰው ወደ አፈሩ ዘመቱ። ቆፋሪዎቹ ለራሳቸው ያከማቹትን ቅጠል ከየጉድጓዱ ጎትተው በሉት። የአፏጪዎቹን አንቴና ቀረጣጠፉት። ተጨማሪ ምግብ ሳስገባ ጭራሽ ባሰባቸው። "ይለዩልኝ" አልኩ። "በሚቀጥለው ስብሰባ" ተባልኩ። "አሁን ይለዩልኝ" አልኩ። "የእንግዶቹ ጉብኝት ይለፍ" ተባልኩ። ባለቤቴ ቤት ስገባ ፊቴን አይቶ፣ "ዛሬስ ማን ማንን በላ?" ማለት ጀምሮ ነበር።

አምላጮቹንም አልረሳችኋቸውም። ትኬት ክፍል፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን ሥር፣ አንዱማ በእንግዶች ፊት ከሥራ አስኪያጁ ኮት ኪስ ውስጥ ወጥቶ ንግግራቸውን እስኪጨርሱ ክራባታቸው ላይ ተቀመጠ። ተምሳሌቱ እስከዚያ ድረስ ሄዶ ነበር።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። አዳራሹ በተማሪ ተሞልቷል። በረሮ ሲያድግ የቀድሞ የቆዳ ልባሱን ይጥልና ለጥቂት ሰዓት እንደ ወተት ነጭ፣ እንደ ቅቤ ለስላሳ ይሆናል። ቆፋሪው ይህን የሚያደርገው ከመሬት ሥር ተደብቆ ነበር። ጉድጓዱን ስላፈረሱበት ግን አንዱ ከላይ፣ መስታወቱ ጋ፣ ሰው ሁሉ እያየው ልባሱን ጣለ። ሯጮቹ ወረዱበት። ልጆቹ ጮኹ።

እማማ ፌስታላቸውን ይዘው ከልጆቹ ኋላ ቆመው ነበር። አልጮኹም። ሥራ አስኪያጁን እጃቸውን ያዝ አደረጓቸውና፣ "ልጄ፣ ይኼ የሚበላው የማን ነው?" አሏቸው።

ሥራ አስኪያጁ እኔን አዩኝ። እማማም ወደ እኔ ዞሩ።

"ቃልሽ ነው ብዬሽ ነበር" አሉኝ።

ምን ልበላቸው? ድምፅ ተሰጥቶ ነው ልበል? የዓሣው ኃላፊ ነው ልበል?

"የቀሩትን መልሱልኝ። ከዚህ ያለነሱ አልሄድም" አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

አዳራሹ ተዘጋ። ሳጥኑን ወለል ላይ አወረድነው። ከዚያ የሆነውን ያያችሁት ጥቂቶች ናችሁ። ሥራ አስኪያጃችን ኮታቸውን አውልቀው፣ ክራባታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው፣ ተንበርክከው በሾርባ ማንኪያ አፈር መዛቅ ጀመሩ። ሯጮቹ እጅጌያቸው ውስጥ ይገባሉ፣ እሳቸው "ወይኔ! ወይኔ!" ይላሉ፣ ግን አላቆሙም። እኔ በቀስታ እፈልጋለሁ፣ አናጺው ሯጮቹን በመጥረጊያ ወደ ባልዲ ይጠርጋል። አንድ የሞተ አገኘን። ሌላ የሞተ። እግሩ የተበላ አንድ፣ እሱም ሞተ። እማማ እያንዳንዱን በመሐረባቸው ላይ ያስቀምጡ ነበር። እንባዬን በአፈራም እጄ ጠርጌ ፊቴ ጭቃ ሆኖ እንደነበር በኋላ ነው የነገሩኝ።

ተስፋ ቆርጠን ልንነሳ ስንል፣ ሥራ አስኪያጁ ማንኪያቸውን ጣሉ። "እዚህ ጋ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ" አሉ። ከታች፣ መስታወቱ ጥግ ላይ፣ አፈሩን በጀርባዋ ደግፋ አንዲት ሴት ቆፋሪ ነበረች። አጠገቧ አንድ ወንድ። አንዱ አንቴናዋ ተቆርጧል። ሳነሳት ጣቴን በእግሯ ጨመደደችው። ሕመሙ ደስ አለኝ።

እማማ ሁለቱን ይዘው ሄዱ። "እዚህ አልተዋቸውም" አሉ። እውነታቸውን ነው። ሥራ አስኪያጁ አንድም ቀን "ተሳስቼ ነበር" አላሉም፤ ዛሬም አይሉም፣ አውቃቸዋለሁ። ግን በማግስቱ ንጹሕ አፈር በራሳቸው መኪና ጭነው፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ደረጃውን በትከሻቸው ተሸክመው እማማ ቤት ድረስ አደረሱ። አፏጪና ሯጭም በዚያው ሳምንት ተለያዩ። ስብሰባ ሳይጠራ! እንዲህም ይቻል ነበር ለካ!

እኔም አልፎ አልፎ ሄጄ እርጥበቱን አይላቸው ነበር። ወራት አለፉ። አፈሩ ጭጭ። ቅጠሉ እንኳ የሚቀንስ አይመስልም። ሞተዋል ብዬ ለእማማ እንዴት እንደምነግራቸው ስጨነቅ ከረምኩ።

አንድ ጠዋት ስልክ ደወሉ። "ነይ ቶሎ!" አሉና ዘጉት። እየሮጥኩ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ስገባ እማማ፣ በዚያ በሚያማቸው ወገብ፣ ምንጣፍ ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ ጉንጫቸውን ወለሉ ላይ አድርገው ሳጥኑን በጎን ያያሉ።

"ወደቁ እንዴ እማማ?"

"ዝም በይ። ተኚ።"

አጠገባቸው ተኛሁ። መስታወቱ ጥግ ላይ እናቲቱ፣ በቀረው አንድ አንቴናዋ እየዳሰሰች ቅጠል ትጎትታለች። ከኋላዋ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ ልጆቿ ያንኑ ቅጠል ይዘው የሚረዷት እየመሰላቸው ወደ ኋላ ይስቡባታል።

እማማ በሹክሹክታ፣ "እሱም እንዲህ ነበር የሚተኛው" አሉኝ። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ 'ተነስ፣ መንገድ ዘጋህ' እያልኩ በላዩ ስሻገር ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብዬ 'ምን እያየህ ነው?' አላልኩትም።"

ቅጠሉ ጉድጓድ እስኪገባ ድረስ አየን።

ክቡራትና ክቡራን፣ ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ደረጃው ላይ አግኝተውኝ፣ "ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ሸረሪቶቹንስ አንድ ሳጥን ውስጥ ብናደርጋቸው?" አሉኝ። ለተተኪዬ ጽናቱን ይስጣት።

አናድዳችሁኛል። ጸጉሬን ያሸበታችሁት እናንተ ናችሁ እንጂ ዕድሜ አይደለም። ግን ተቆጥቼ ስወጣ ተከትላችሁኝ ትወጡ ነበር፤ ስታመም ሥራዬን እየቀፈፋችሁም ቢሆን ትይዙልኝ ነበር። ይህን አልረሳም።

ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። የምትለፉበት አይክዳችሁ። ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁላችሁ። ደግሞም አንድ ነገር ስትወዱ፣ ሰው ሁሉ የሚጸየፈው ቢሆን እንኳ፣ ጎንበስ ብሎ "ምን እያየህ ነው? ምን እያየሽ ነው?" የሚላችሁ ሰው፣ እናንተም በሕይወት፣ እሱም በሕይወት ሳላችሁ ይስጣችሁ።

ደህና ሁኑልኝ።