የፈርዖን ክንድ

ጋሼ ኃይለመለኮት በርበሬ በረንዳ ሃያ ዓመት ሲነግዱ ማንንም ፈርተው አያውቁም፤ በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ግን አንድ የግብፅ ሬሳ አስፈራቸው። እሑድ ከሰዓት ሲኒማ ገብተው፣ ከሞተ ሦስት ሺህ ዘመን ያለፈው ፈርዖን እንደ ተገነዘ ከሣጥኑ ተነሥቶ ሲሄድ አዩ። ከዚያ ወዲህ በሱቃቸው ቆርቆሮ ቀዳዳ በገባው ብርሃን ላይ የበርበሬው ብናኝ ሲንሳፈፍ፣ ከውስጡ አንድ ነጭ ነገር ሲራመድ ይታያቸው ጀመር።

በዚሁ ሰሞን የሚዛን ድንጋይ እግራቸው ላይ ወድቆ ቁርጭምጭሚታቸውን ሸረከተው። ቁስሉ አመረቀዘ፤ እሳቸው ግን ሐኪም ቤት አልሄድ አሉ። አንድ ጠዋት እያነከሱ ሱቃቸውን ሲከፍቱ፣ በሐኪም ቤት ቁስል የምታጥበው ድሬሰር፣ የጎረቤታቸው ልጅ ፋናዬ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሸትቷል! ይታጠብና በፋሻ ይጠቅለል።»

«በፋሻ?» አሉ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ። «በቁሜ ልትገንዢኝ ነው? ያ ፈርዖን ቢጠቀለል አይደል መንፈስ የሰፈረበት? በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት!»

«ያዩት ሥዕል ነው፣ ጋሼ።»

«ሥዕል ይራመዳል እንዴ? የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሳለመው፣ አንድ ቀን እግሩን ሲያነሣ አላየሁም።»

ፋናዬን ሳቅ አፈናት፤ ግን ዋጠችው። በፈራ ሰው መሳቅ ቁስል ላይ በርበሬ መነስነስ ነው።

«አልዋሽዎትም ጋሼ፤ በዚሁ ከሰነበተ እግርዎ ይቈረጣል። እስቲ ፈርዖኑን ሄደን በቅርብ እንየው። ከዚያ በኋላ እምቢ ቢሉ አልጨቀጭቅዎትም።»

ተያይዘው ሄዱ። የሲኒማ ቤቱን የፊልም ማሳያ መኪና የሚያንቀሳቅሰው ጃፋር፣ ፊልሙን ከጥቅሉ ፈትቶ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋላቸው፤ ማጉያ መነጽርም ሰጣቸው። ባቄላ የሚያህል ፈርዖን በመቶ ተደርድሯል፤ አንዱም አይራመድም። ጋሼ ሕልም ውስጥ እንደሚሰጥም ሰው አንድ በአንድ አዩአቸው። ፈርዖኑ ክንዱን ካነሣበት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ጨርቁ ተንሸራትቶ፣ ክብ ጠባሳ ብቅ ብሏል። እሳቸው የገዛ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ያው ጠባሳ።

«ፋናዬ፣ በፈርዖን ዘመን የፈንጣጣ ክትባት ነበር?»

«ኧረ አልነበረም።»

«የተቀጠረ ሰው እኮ ነው፣ ጋሼ፤» አለ ጃፋር። «ሥራው ሲያበቃ ጨርቁን ፈትቶ እራቱን ይበላል።»

«ለእንጀራው ብሎ ይገነዛል በሉኛ!» አሉና ከልባቸው አዘኑለት።

«ፋሻም መንፈስ አያስገባም፤» አለች ፋናዬ። «ዝንብና አቧራ ይከለክላል እንጂ። ክትባቱንስ በልጅነትዎ ፈርተውት አልነበረም?»

ጋሼ ጠባሳቸውን ዳሰሱ። «እኔና ወንድሜ በሪሁን ከከታቢዎቹ ሸሽተን ጫካ ገባን» አሉ። «አባቴ እኔን ይዘው አስከተቡኝ፤ እሱ አመለጠ። በዓመቱ ፈንጣጣ ወሰደው።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «በይ ልጄ፣ ጠቅልዪው።»

በወሩ ቁስሉ ጠገገ። ጋሼም ቁስል የያዘው ተሸካሚ ባዩ ቁጥር፣ «ታጠብ፣ ሸፍነው፣ ሐኪም ቤት ሂድ! በጊዜ የታሰረ እግር ቤተሰብ ያኖራል» ይሉ ነበር።

አንድ እሑድ ያንኑ ፊልም ደግመው ገቡ። ፈርዖኑ ከሣጥኑ ሲነሣ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ፤ ጋሼ ግን የክንዱን ጠባሳ ብቻ ነበር የሚያዩት።

«እንኳንም አልሸሸህ፣ ወንድሜ» አሉት ቀስ ብለው።