የጉድጓዱ ተራ

(ጎሬ አጠገብ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለ የእንግዳ ማረፊያ ጓሮ፤ ከሰዓት በፊት። የማረፊያው ባለቤት አስካለና ሽማግሌው ጣውላ ሰንጣቂ ጋሽ አንዳርጌ ወለሉ ከተነሳ በረንዳ ፊት፣ ጣውላ ከጫነ ጋሪ አጠገብ ቆመዋል።)

ጋሽ አንዳርጌ፦ በዚያ ዓመት ዝናቡ ሚያዝያ ላይ ገባ፤ ኅዳር ድረስ አልወጣም። ቡናው ሳይቀላ ረገፈ። በቆሎው እንደቆመ በሰበሰ። ሰው ቅጠል ቀቅሎ በላ። ይሄ ጣውላ የዚያ ክረምት ነው።

አስካለ፦ ጋሼ፣ እኔ ያዘዝኩዎት ቀረሮ ነው። የክረምት ታሪክ አላዘዝኩም።

ጋሽ አንዳርጌ፦ ቀረሮ ለቤት ውስጥ ነው። እዚህ ዝናብ ላይ ብታነጥፊው ሦስት ዓመት አይዘልቅም።

አስካለ፦ ዋንዛ ይሁን ስል ደግሞ እሱንም ከለከሉኝ።

ጋሽ አንዳርጌ፦ ዋንዛ ለአልጋ፣ ለቁም ሳጥን። ዝናብ ሲመታው መጀመሪያ ይጠቁራል፤ ከዚያ ይላላል። ባሕር ዛፉን ደግሞ አይተሽዋል። እንግዳሽ እስከ ጉልበቱ የገባው በበሰበሰው የባሕር ዛፍ ወለል አይደል?

አስካለ፦ እሱን አያንሱብኝ። ከታች ገደል ነው።

ጋሽ አንዳርጌ፦ ስለዚህ ጥቁር እንጨት ነው የሚሆንሽ። ጣሪያ ስር ሠላሳ አንድ ዓመት ደርቋል፤ ከእንግዲህ አይጣመምም። ምስማር አይቀበልም። እየሰረሰሩ በቡሎን ማሰር ነው።

አስካለ፦ በቡሎን ከሆነ ከስር ገብቶ የቡሎኑን ማሰሪያ ዳዶ የሚያጠብቅ ሰው ይፈልጋል። አናጢዬ ደግሞ የትናንቱን ዝናብ አይቶ ከወለሉ ስር አልገባም ብሏል። አፈሩ ያንሸራትታል።

ጋሽ አንዳርጌ፦ ሰምቻለሁ።

አስካለ፦ እንዲህ ያለ ጣውላ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይሸጥ የሚያስቀምጥ ሰው አላውቅም። ምን ጉድ አለበት?

ጋሽ አንዳርጌ፦ ምንም የለበትም። የኔ ስላልሆነ ነው።

አስካለ፦ የማን ነው ታዲያ?

ጋሽ አንዳርጌ፦ የገለታ።

አስካለ፦ የአባቴ?

ጋሽ አንዳርጌ፦ አብረን ከሰነጠቅነው የእሱ ድርሻ ነው። ግንዱን ጉድጓድ አፍ ላይ እናጋድማለን። አንዱ ግንዱ ላይ ይቆማል፤ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ መጋዙን ወደ ታች ይስባል። የእንጨቱ ዱቄት ታች ያለው ሰው ዓይን ላይ ነው የሚወርደው። ስለዚህ አንድ ጣውላ በወጣ ቁጥር ተራ እንቀያየራለን። ተራውን የሚዘል የለም።

አስካለ፦ ግንዱ ተንከባሎበት እንደሞተ እናቴ ነግራኛለች። ያኔ ጡት አልጣልኩም ነበር። ከጉድጓዱ ያወጡት እርስዎ እንደሆኑም ነግራኛለች።

ጋሽ አንዳርጌ፦ እኔ ነኝ። ከሰልስቱ በኋላ ጣውላውን ይዤ ደጃችሁ መጣሁ። እናትሽ ባሏን የገደለ እንጨት በደጇ እንደማያልፍ ነገረችኝ። መለስኩት። ከዚያ በየዓመቱ መስከረም ላይ ጠየቅኳት፤ በየዓመቱ ራሷን ነቀነቀች። ዘንድሮ ጥር ላይ ተዝካሯን አወጣችሁ። ከዚያ ወዲያ የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

አስካለ፦ እሷ ያላስገባችውን እኔ ላነጥፈው? እንግዳ ወንበሩን አውጥቶ ይሳቅበት? ይመልሱት፣ ጋሼ።

ጋሽ አንዳርጌ፦ ቤቴ አይመለስም።

አስካለ፦ ለምን?

ጋሽ አንዳርጌ፦ ዝናብ ሲጀምር ይጠራኛል።

አስካለ፦ ማን?

ጋሽ አንዳርጌ፦ እንጨት እርጥበት ሲያገኘው እንደሚንጫጫ አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ከእንጨት ጋር ነው የኖርኩት። እኔ የምሰማው ግን «ሳብ» ሲል ነው። ታች ያለው ሰው ላይ ላለው የሚለው ነው። «ሳብ፣ አንዳርጌ።» ሚስቴ ጆሮህ ነው አለችኝ። ቄሱን አመጣሁና ጠበል ረጩበት። ጣውላው ረጠበ፤ ጭራሽ ባሰበት።

አስካለ፦ አያስቁኝ። ምን ፈልጎ ነው የሚጠራዎት?

ጋሽ አንዳርጌ፦ ተራውን።

አስካለ፦ አልገባኝም።

ጋሽ አንዳርጌ፦ ያን ቀን ታች የምገባው እኔ ነበርኩ። ጉድጓዱ ውሃ ቋጥሯል፤ አፈሩ ይናዳል። ትኩሳት አለኝ አልኩት። ግንባሬን ዳሰሰኝ። እጁ እውነቱን ነግሮታል፤ እሱ ግን ምንም አላለኝም። «ነገ ትመልስልኛለህ» ብሎኝ ገባ።

አስካለ፦ ትኩሳት አልነበረዎትም።

ጋሽ አንዳርጌ፦ አልነበረኝም።

አስካለ፦ እናቴ ታውቅ ነበር?

ጋሽ አንዳርጌ፦ አታውቅም። የጠላችው እንጨቱን ነው። እኔን በየበዓሉ ትጠራኝ ነበር፤ ዳቦውን የምታስቆርሰኝ እኔን ነበር። ቆርሼ በላሁ።

አስካለ፦ እኔም አባቴን ያወጣ ሰው እያልኩ ሳከብርዎት ኖሬያለሁ።

ጋሽ አንዳርጌ፦ ከዛሬ ጀምሮ ተዪው።

አስካለ፦ ሳይነግሩኝ አራግፈው መሄድ ይችሉ ነበር።

ጋሽ አንዳርጌ፦ ያንን ሳደርግ ነው የኖርኩት። አሁን ከወለሉ ስር እገባለሁ። መፍቻው ኪሴ ውስጥ ነው።

አስካለ፦ በዚህ ዕድሜዎ? ቢያንሸራትትዎትስ?

ጋሽ አንዳርጌ፦ እሱ ሠላሳ አልሞላውም ነበር። አልፈልግም ካልሽ ጋሪውን አዞራለሁ። ያንቺ ነው፤ የምትይውን እሰማለሁ።

አስካለ፦ የጋሪውን ገመድ ያቀብሉኝ።

ጋሽ አንዳርጌ፦ ለምንሽ?

አስካለ፦ ወገብዎ ላይ ላስረው። ጫፉን ከምሰሶው ጋር አስራለሁ፤ ሲጨርሱ ስቤ አወጣዎታለሁ። መሰርሰሪያውን እኔ እይዛለሁ። ቀስ ብለው ይውረዱ፤ በግራ በኩል ድንጋይ አለ፣ እሱን ይርገጡ።

ጋሽ አንዳርጌ፦ ረገጥኩት።

አስካለ፦ ደረሱ?

ጋሽ አንዳርጌ፦ ደርሻለሁ። ሰርስሪ።

አስካለ፦ ዱቄቱ ዓይንዎ ውስጥ እየገባ ነው። ላቁመው?

ጋሽ አንዳርጌ፦ አታቁሚ።

አስካለ፦ ሊመሽ ነው፤ ይሄ የመጨረሻው ጣውላ ነው። ጋሼ፣ ዝናቡ ጀመረ። የሚጠራዎት አለ?

ጋሽ አንዳርጌ፦ ዝም ብሏል።

አስካለ፦ ዳዶውስ?

ጋሽ አንዳርጌ፦ ጠብቋል። ሳቢ፣ አስካለ።