ሞተሩን አጥፉና ኦዲ በሉ

ብዕሩን የያዘችው የልጆች መዝጋቢያችን ኤኔሌሲ ናት፤ አፉ ግን የእኔ የታንኳ ቀዛፊው የዛሊምባ ነው። መጋቢ ጉንዳኒ “አባባ፣ የስንብት ንግግርዎ በወረቀት ይሁን፤ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል” ስላሉኝ ነው። ሰባ ዓመት ፊደል ሳይቆጥር የኖረ ሰው ፋይል ሊገባ ነው። ጻፊው፣ ይህንንም ጻፊው። ነገ ከማንጎው ጥላ ሥር እሷ ታነብላችኋለች፤ እኔ ተቀምጬ ማን እንደሚያንቀላፋ አያለሁ።

ክቡራትና ክቡራን፣ መጋቢያችን፣ አስተባባሪያችን ወይዘሮ ማንጋኒ፣ ለተራቡ ልጆች አጥሚት የምታማስሉ እናቶች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፍየል አርዳችሁልኛል። ከእናንተ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ፍየል ሲቀርብልኝ ይህ ሁለተኛዬ ነው፤ የፊተኛዋ ግን ራሷ ሰጥማ ነው የተበላችው።

ያዘነ ሽማግሌ ለማየት የመጣ ካለ ይመለስ። እኔ ደስ ብሎኛል፣ እንቅልፍ እስከማጣ ድረስ ደስ ብሎኛል። አዲሱን የሞተር ጀልባ ሐሙስ ዕለት ተሳፍሬበታለሁ። እስከ ንዲንዴ ረግረግ ግማሽ ቀን የምገፋውን መንገድ የንሲማ ገንፎዬ ሳይበርድ አደረሰኝ። በማላዊ ምድር ከእኔ በላይ የሳቀ ሽማግሌ አልነበረም።

ታዲያ ከምሳው በኋላ ኮሚቴው ሊሰበሰብ ነው አሉ። “ሞተር ከመጣ ታንኳ ለምን? ትሸጥ ወይ ትፈለጥ” የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ዝናብ ሊገባ ሁለት ወር ቀርቶታል። እንግዲህ ከመፍለጣችሁ በፊት ስሙኝ።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት የሺሬ ወንዝ ሞልቶ መንደሮቻችንን የወሰደ ጊዜ፣ አንድ የሞተር ጀልባ በውሰት አግኝተን ነበር። ከብላንታየር ካቺንግዌ የሚባል ሰው ድምፅ ማጉያ ይዞ መጣ። ጥሩ ሰው ነው፣ ሳይጸልይ ውሃ እንኳ አይጠጣም። እኔ መንገድ እንዳሳይ ከፊት ተቀመጥኩ። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ሚኒስትር የሆንኩ መሰለኝ። እውነቱን መናገር ነው።

ሸምበቆ የከበበው አንድ ትልቅ ኩይሳ ከውሃው በላይ ቀርቶ ነበር። ካቺንግዌ በማጉያው “ልጆች ካላችሁ ውጡ፣ ብስኩት ይዘናል” እያለ ሁለት ጊዜ ዞርነው። የመለሰልን የለም። “ባዶ ነው፣ እንሂድ” ያለው ማን ነው? ካቺንግዌ አይደለም። እኔ ነኝ።

ጥቂት እንደሄድን ነዳጅ ለመጨመር ሞተሩ ጠፋ። ያን ጊዜ ከኩይሳው ሳል ሰማሁ፤ የሕፃን ሳል።

ሰው ቤት ሲደረስ ምን ይደረጋል? እጅ ይጨበጨባል፣ “ኦዲ” ይባላል፣ ከውስጥ “ኦዲኒ” እስኪባል ደጅ ይቆማል። ይህን ሳላደርግ እናቴ ቤት እንኳ ገብቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ሞተር ላይ ወጣሁና ረሳሁት። ማጉያውን አስቀመጥኩ፣ አጨበጨብኩ፣ “ኦዲ” አልኩ። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ከየት መንደር እንደመጣሁ ተናገርኩ። ደግሜ አጨበጨብኩ።

ከሸምበቆው ኋላ ቀጭን ድምፅ “ኦዲኒ” አለኝ።

አምስት ልጆች ነበሩ። የምትበልጠው ዘጠኝ ዓመቷ፣ የሚያስለው ሕፃን ጀርባዋ ላይ ነው። ተቆጣሁ።

“ሁለት ጊዜ ስናልፍ ለምን ዝም አልሽ?”

“እናቴ፣ ሞተር ያለው ሲጠራሽ አትመልሺ፣ ደም መጣጮች ናቸው ብላኛለች።”

“ብስኩት ይዘናል እያልንሽ?”

“እነሱም እንደዚያ ነው የሚሉት።”

በዚያ ዓመት በመኪና እየመጡ የሰው ደም ይመጥጣሉ የሚለው ወሬ ያልገባበት ቤት አልነበረም። እናቲቱ ልጇን ጠበቀች፤ የሳትነው እኛ ነን። በማግስቱ ጠዋት በዚያ ሳልፍ ኩይሳውን ውሃ ውጦት ነበር።

ያቺ ልጅ አራቱን አስቀድማ ካላሳፈረች አልገባም ብላ ቆመች። አሁን እዚህ ብዕሯ ቆሟል። ጻፊ ልጄ፣ ሌላ ሰው አላልኩም፣ አንቺን ነው።

ሞተሩን አልጠላም። ሞተሩ ያድርሰን። ደረቅ መሬት ሲታይ ግን ይጥፋ፣ የቀረውን ታንኳዋ ትሂድበት። መጋቢያችን እግዚአብሔር እንኳ የሰውን በር አይሰብርም ይሉ የለም? ታዲያ እኛ በማጉያ የምንጮኸው ማን ሆነን ነው? የተራበ ልጅም ደጃፍ አለው።

የሞተር መንጃ ወረቀት ያለው ጎልማሳ ቅጠሩ፣ መልካም ነው። ለታንኳዬ ግን ሰው አለኝ። ታንኳዋን የምገፋበትን የቀርከሃ ዘንጌን ለኤኔሌሲ ሰጥቻለሁ።

“አባባ፣ ይህንን አልጽፍም” ትላለች። ትጽፊያለሽ፤ የእኔ ስንብት ነው፣ ያንቺ ሲደርስ ያሻሽን ትያለሽ። ሴት ታንኳ ትገፋለች ወይ የሚል ካለ፣ አምና ወገቤ ሲይዘኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማን እንደገፋ አዞዎቹን ይጠይቅ። ኮሚቴው እንቢ ካለ ደግሞ ፍየሉን አልበላም። እኔ ደግሞ ስምል ቀልድ አላውቅም።

ዝናቡ በልኩ ይጣልላችሁ። አጥሚቱ አይጠርባችሁ፣ ወገባችሁ እንደ እኔ አይክዳችሁ። የጠራችሁት ልጅ ሁሉ ይመልስላችሁ።

በይ ኤኔሌሲ፣ ከላይ ጀምረሽ መልሰሽ አንብቢልኝ። አጠገቤ ሆነሽ አይደለም፤ ታንኳዋን ገፍተሽ ወንዙን ተሻገሪና ከማዶ አስረሻት ቁሚ። ከማንበብሽ በፊት አጨብጭቢና ጥሪኝ። ድምፅሽ ውሃውን ከተሻገረ እኔም እመልስልሻለሁ።