ሸምሱ ይዞት የመጣው መቀርቀሪያ

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እትዬ አበበች፣ ቦንሳ፣ ማሞ፣ ከየሰው ቤትና ከየእርሻው ተደብቃችሁ የመጣችሁ ሁላችሁ፤ እግዜር ያጽናን፣ አላህ ያጽናን። በዚህ ቀን መጥታችሁ መቆማችሁ ቀላል ነገር አይደለም።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምናገረው። ያልተሰማው ጠጋ ይበል። አገራችን ቢሆን የሸምሱ ለቅሶ መንደር ያናውጥ ነበር። እዚህ ግን አፋችንን በሻሽ አፍነን ነው የምናለቅሰው። ጊዜያችንም አጭር ነው። ዙህር ተሰግዷል፣ የእርሻው ጌታ ባባ ምሳውን በልቶ ተኝቷል፣ ወደ ባይሽ ከተማ የሚወስደው መንገድ ጭር ብሏል። የአስር ሶላት አዛን እስኪሰማ ድረስ ነው ያለነው። ከዚያ እንደ አመጣጣችን አንድ አንድ እያልን እንበተናለን። ማሞ፣ አንተ የጓሮው በር ላይ ሆነህ ስማ፤ ዓይንህ ግን መንገዱ ላይ ይሁን።

እኔ ባዩሽ ነኝ። ለማታውቁኝ፣ አቡ አሪሽ ከተማ ከማዳሜ ቤት የጠፋሁ፣ ሁሩብ፣ ኮብላይ ተብዬ የተመዘገብኩ፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለኝ ሴት ነኝ። ተናገሪ ያላችሁኝ በዚህ እርሻ ከሸምሱ ጋር ስለሠራሁ ነው። ደፋር ስለሆንኩ እንዳልሆነ እኔም እናንተም እናውቃለን። 

ሸምሱን ቀበርነው እንዳልል አልቀበርነውም። ከትናንት በስቲያ ባባና ልጆቹ ናቸው የቀበሩት። እኛ ከግንቡ ጀርባ ተደርድረን የባባ መኪና አስከሬኑን ይዛ ስትወጣ አየን። ማን ተከተላት? ማንም። ፈርተን ነው። መቃብሩ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ የምናውቀው ባባ በጣቱ ስላመለከተን ነው። ስለዚህ ዛሬ የቆምነው ከመቃብሩ ራስጌ ሳይሆን እዚህ፣ ከፓምፑ ቤት ጀርባ፣ ባዶ የአትክልት መደብ ላይ ነው። ይህ መደብ ለምን ባዶ ሆነ? የተነሳሁት እሱን ልነግራችሁ ነው፤ ስደርስበት ትሰሙታላችሁ።

ሸምሱ ማን ነበር? የወሎ ሰው፣ የሐርቡ ልጅ። የመንን አቋርጦ በአል-ኹባ ድንበር በኩል በእግሩ የገባ፣ እዚህ ስምንት ዓመት ውሃ ሲያጠጣ የኖረ። ፊደል አልቆጠረም፤ ፊርማው አውራ ጣቱ ነበር። ደፋር ነበር? እውነቱን እንናገር ከተባለ አልነበረም። የመኪና ድምፅ ከሰማ የያዘውን ሻይ ይደፋል። ባይሽ ከተማ ሱቅ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ሳሙና እንኳ የሚያመጣለት የባባ ሕንዳዊ ሹፌር ነው። ከሁላችን የባሰ ፈሪ እሱ ነበር። ታዲያ ሁላችንም ያለችንን አንዲት ነገር ያስቀመጥነው ማን ጋ ነው? እሱ ጋ ነው።

ሳጥኑን ታውቁታላችሁ። አሮጌው ፓምፕ የመጣበት የእንጨት ሳጥን ነው። ሰው ቤት የሚሠራ ሰው የራሱ መሳቢያ የለውም። ማዳም ሻንጣችንን ትፈትሻለች፣ ፖሊሱ፣ ሹርጣው ኪሳችንን ይፈትሻል። ስለዚህ ከአገር ይዘናት የመጣናትን ነገር ሸምሱ ጋ አደራ ብለን እናስቀምጣለን። እትዬ አበበች የሠርጋቸውን ፎቶ። ቦንሳ ከአባቱ ካፖርት የወለቀ ቁልፍ። ማሞ የስምንተኛ ክፍል ካርዱን። እኔ የእናቴን የዶቃ አምባር፣ ያውም ግማሹ ዶቃ የረገፈ። ሐሊማ ደግሞ የልጇን ቁንጮ፣ በጨርቅ ጠቅልላ። ልጁ በሁለት ዓመቱ ነው የሞተባት። ከዚያች ቁራጭ ጠጉር በቀር ከእሱ የቀራት ነገር የለም።

ማሞ፣ ስለ ካርድህ ልናገር ነውና ቻለው። ለሸምሱ ከክፍሌ ሦስተኛ ወጥቻለሁ ብለኸው ነበር። ማንበብ አይችልማ፣ አመነህ። ላገኘው ሰው ሁሉ ‘ይሄ ልጅ የተማረ ነው’ እያለ ያወራልህ ነበር። ትናንት ካርዱን አየነው። ሠላሳ አንደኛ ነህ፣ ከሠላሳ ሁለት ተማሪ። አትቆጣ። ሸምሱ ቢያውቅም ኖሮ ካርዱን በዚያው ክብር ነበር የሚያስቀምጥልህ። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ቀስ ብላችሁ ሳቁ።

ማንበብ የማይችል ሰው ይህን ሁሉ ጥቅል የማን እንደሆነ በምን ለየው? አንድ ሕግ ነበረው። አደራ ያስቀመጠ ሁሉ እዚህ መደብ ላይ አንድ ነገር ይተክላል። ሸምሱ ከተክሉ አንድ ቅጠል ቀጥፎ ከጥቅሉ ጋር ያስራል። ቅጠሉ ደርቆ ሲረግፍ በአዲስ ይተካዋል። እትዬ አበበች ከቅመማቸው መሀል የለቀሙትን የጤና አዳም ፍሬ ዘሩ። ሐሊማ በሶብላ ዘራች። ማሞ ቃሪያ፣ ቦንሳ ጎመን። እኔ ቶሎ ይበቅላል ብዬ ዱባ ተከልኩ። ዱባዬ በወሩ ጤና አዳሙን አለፈ፣ የቦንሳን ጎመን ተጫነ፣ በሽቦ አጥሩ ሾልኮ ጎረቤት እርሻ ገባ። ሸምሱ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ አየውና ሳቀ።

“ባዩሽ፣ አንቺ ፈሪ ነሽ፤ ዱባሽ ግን ደፋር ነው” አለኝ።

ጠዋት ጠዋት የውሃውን ጎማ ይዞ ሲያጠጣ ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? ተክሎቹን በስማችን ነበር የሚጠራቸው። ቦንሳ እንዴት አደርክ ይላል። እትዬ አበበች ዛሬ ጠውልገዋል፣ ማዳም ተቆጣችዎት እንዴ ይላል። ሐሊማ አብሽሪ፣ አይዞሽ ይላል። መጀመሪያ ስሰማው አበደ ብዬ ነበር። በኋላ ግን ከፓምፑ ቤት ጥግ ቆሜ ስሜ እስኪደርስ መጠበቅ ጀመርኩ። በዚህ አገር ስሜ የሚጠራው ወይ ሊያዙኝ ወይ ሊቆጡኝ ነበር። በደህና የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር። ጁምዓ ከሰዓት በኋላ እዚሁ መደብ ዳር ተቀምጠን የማሞን ቃሪያ እየቀጠፍን በዳቦ እንበላ አልነበር? ለኔ ቤቴ ያ ነበር። ሌላ ቤት አልነበረኝም።

ከዚያ ይሄ ኅዳር መጣ። ወረቀት የሌለው በሰላም ይውጣ የተባለበት የምሕረቱ ጊዜ አለቀ፣ ኸላስ ተባለ። በየመንደሩ አሰሳ ሆነ። ሐሊማን ከሥራ ስትመለስ መንገድ ላይ ይዘው ተርሂል፣ ወደ አገር የሚጠርዙበት እስር ቤት አስገቧት። ያኔ ሁላችን ሸምሱን መጨቅጨቅ ጀመርን። ንቀለው አልነው። የሐበሻ ሽታ ነው፣ ጤና አዳሙ እስከ አስፋልቱ ይሸታል፣ ሹርጣ በአፍንጫው ተመርቶ ይመጣብናል አልነው። አላልነውም? እኔ ብያለሁ። እናንተም ብላችኋል። እሱ ግን ከነቀልኩት የቱ ጥቅል የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ አለን። እየፈራ ማጠጣቱን ቀጠለ።

ከዚያ ወባው ጣለው። ሆስፒታል እንውሰድህ አልነው? አልነው፤ በለሆሳስ፣ እምቢ እንዲል እየጸለይን አልነው። ሳጥኑን ማን ይጠብቃል ብሎ እምቢ አለ። እኔም እሺ አልኩት። ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት። ሆስፒታል ኢቃማ ይጠይቃል፤ ከታማሚው አልፎ አስታማሚዋንም ይጠይቃል። ይህን በደል ይዤ ነው ፊታችሁ የቆምኩት።

በታመመ በሁለተኛው ቀን ጠዋት የሹርጣ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ማንም አልወረደም፤ መብራቱ ብቻ ይሽከረከራል። እኔ ምን አደረግሁ? ወደዚህ ሮጥኩ። የእትዬ አበበችን ጤና አዳም ነቀልኩ። የሐሊማን በሶብላ ነቀልኩ። ቃሪያውን ነቀልኩ፣ ጎመኑን ነቀልኩ፣ ዱባዬንም ጎትቼ ከሥሩ በጠስኩት። ሁሉንም አቅፌ የባባ ፍየሎች በረት ውስጥ ጣልኩት። ፍየሎቹ ጠራርገው በሉት። ስጨርስ ቀና አልኩ። ፖሊሱ ለካ ስልክ እያወራ ኖሯል፤ ወሬውን ጨረሰና መኪናውን አዙሮ ሄደ።

ይህን እስከ ዛሬ የነገርኩት ለእትዬ አበበች ብቻ ነው። ባባ አስነቀለው መስሏችሁ ነበር። እኔ ነኝ።

ሸምሱ ጋ ስገባ እጄ በሶብላ በሶብላ ይሸት ነበር። በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆኖ ሽታው ደረሰውና ዓይኑን ገለጠ።

“ውሃ ጠጡ?” አለኝ።

“ጠጥተዋል።”

“ሐሊማስ?”

“ሐሊማም ጠጥታለች” አልኩት።

ፈገግ ብሎ ዓይኑን ከደነ። በማግስቱ ሲብስበት ለባባ ነገርነው። ባባ በመኪናው ጭኖት ወደ ሆስፒታል እየበረረ ሳለ መንገድ ላይ አረፈ። ከእኔ የሰማው የመጨረሻ ወሬ ያ ውሸት ነው።

ከቀብር በኋላ ደግሞ ባባ እዚህ መጣ። መደቡን አየና ‘ሪሃኑ የት ሄደ?’ አለኝ። ሪሃን የሚለው በሶብላውን ነው። ለካ ጁምዓ ጁምዓ ከሐሊማ ተክል እየቀጠፈ ራሱ ላይ የሚያስረው እሱ ኖሯል። ጤና አዳሙንም ያውቁታል፣ ሸዛብ ነው የሚሉት፣ የባባ እናት ደጅ ላይም አለ። በዚህ በጂዛን ሽማግሌው ሁሉ አበባና ሪሃን ራሱ ላይ ጠምጥሞ ነው የሚሄደው፤ እኛ ግን በተክሉ ሽታ ያውቁናል ብለን ሞትን። ስንት ዓመት ኖረን እንዴት ይሄን አላየንም? ቀና ብለን የሰው ራስ አይተን አናውቅማ። መሬት መሬት እያየን ነው የኖርነው። በከንቱ ነው የነቀልኩት፣ ወገኖቼ። በከንቱ።

ትናንት ከእትዬ አበበች ጋር ሳጥኑን ከፈትን። ቅጠሎቹ ደርቀዋል እንጂ አሉ፤ ሲያሿቸው ይሸታሉ። ስትወጡ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን እያሸተታችሁ ትወስዳላችሁ። ወሳጅ ያጡ ሁለት ጥቅሎች ናቸው። አንዱ በሶብላ የታሰረበት፣ የሐሊማ ነው። ሌላው ምንም ቅጠል የለበትም። እሱ የሸምሱ የራሱ ነው።

ምን አለበት? ይቺውላችሁ። የበር መቀርቀሪያ ናት፤ እጅ የማታክል፣ በመያዣዋ በኩል የለሰለሰች እንጨት። ከአገር የወጣ ዕለት እናቱ እንዳይነቁ ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ሲከፍት ሳያስበው ኪሱ ከቷት ነው። ትዝ ያለችው ጀልባ ላይ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ‘እናቴ በሯን በምን ትዘጋ ይሆን?’ እያለ ሲጨነቅ ሰምታችሁታል። ሌላ አይጠረብም ወይ እያልን ስቀንበታል። እሱ ግን አይስቅም ነበር። በሩን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት ይላል።

አሁን የሐሊማን ማን ያደርስላታል? ተርሂል ያሉትን በዚህ ሳምንት በአውሮፕላን ይጭኗቸዋል እየተባለ ነው። ትናንት ሁላችሁንም ጠየቅኩ። ሁላችሁም መሬት አያችሁ። እኔም መሬት አየሁ። አልፈርድባችሁም፤ ተርሂል በር ድረስ በእግሩ የሄደ ሐበሻ አይመለስም።

ዛሬ ጠዋት ግን አጥሩን ዞሬ ሄድኩ። ዱባዬ ከሽቦው ማዶ አለ። በዚህ በኩል በጥሼዋለሁ፤ በዚያ በኩል ግን ለካ በራሱ ሥር ሰድዶ ኖሯል። ቡጢ የምታክል ፍሬ ይዟል። ቆሜ አየሁትና አፈርኩ።

እኔ እሄዳለሁ። እትዬ አበበች፣ ሻሼን ይልቀቁልኝ። ደፍሬ አይደለም፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል። እዚያ በር ላይ ስደርስ ምን እንደሚሉኝ፣ ስንት ቀን እንደሚያስቀምጡኝ አላውቅም። እፈራለሁ። ሸምሱም እየፈራ ነበር የሚያጠጣው።

ሸምሱ፣ አሁን ካንተ ጋር ነው የማወራው። ዋሽቼሃለሁ። ውሃ አልጠጡም፤ ነቅያቸዋለሁ። ሐሊማንም ነቅያታለሁ። ይቅር በለኝ። የልጇን ጠጉር እጇ ላይ አደርስልሃለሁ፣ ካንተ ነው እላታለሁ። እኔንም አገሬ ሲመልሱኝ ሐርቡ ወርጄ የእናትህን ቤት እጠይቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ስማችንን ስትጠራልን ኖረሃል፤ ዛሬ እኛ እንጥራህ። ሸምሱ፣ እንዴት አደርክ። ሸምሱ፣ አብሽር። ነፍስህን አላህ በጀነት ያኑራት።

አዛኑ ጀመረ። ማሞ፣ የጓሮውን በር ክፈተው። መጀመሪያ እትዬ አበበች ይውጡ፣ ቀጥሎ ቦንሳ፣ ሌሎቻችሁ ክፍተት እየሰጣችሁ። እኔ መጨረሻ እወጣለሁ፣ በትልቁ በር።

ደህና ሁን ሸምሱ። መቀርቀሪያዋ እኔ ኪስ ውስጥ ናት። እናትህ በራቸውን ዘግተው ያድራሉ።