አየር ያነሰው ሞተር

እኔ ወደማስተምርበት የኮረብታ ትምህርት ቤት የሚወስደው አውቶቡስ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዳገቱ አጋማሽ ላይ አልጎትት ብሎ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ሹፌሩ እንደ ምንም ታግለው ከገደሉ አፋፍ ጥቂት እርምጃ ሲቀረን አቆሙት። ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ቀጠለ። እኔ ግን ጉልበቴን ስለሚያመኝ ከሹፌሩ ጋር በዚያው አውቶቡስ ቁልቁል ወደ ጋራዡ ተመለስኩ።

ሹፌሩ ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጡ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። የጋራዡ መካኒክ ደግሞ የእህታቸው ልጅ ናት፤ ሙያውን ትምህርት ቤት ገብታ የተማረች።

"ልጄ፣ የናፍጣ ፖምፓውን ብሎን ትንሽ ክፈቺልኝ" አሏት ገና ሳይቀመጡ። "ናፍጣ አንሶት ነው።"

"ባለፈው ወርም ሌላ ቦታ አስከፍተው ነበር ጋሼ። ለውጥ አመጣ?"

ለሁለት ቀን ጉልበት አግኝቶ እንደነበር፣ ከዚያ ግን ጭሱ እየጠቆረ መሄዱን ነገሯት። ጭሱንም አልጠሉትም፤ በእሳቸው ጊዜ በደንብ የሚያጨስ መኪና ጉልበተኛ ነው ይባል ነበር።

"ጥቁሩ ጭስ በደንብ ሳይነድ የወጣ ናፍጣ ነው" አለች ረጋ ብላ። "ናፍጣ የሚነደው ባገኘው አየር ልክ ነው፤ አየር ሳያገኝ ናፍጣ ብቻ ቢጨመርለት ትርፉ ጭስና ሙቀት ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ፒስተኑን ያቀልጠዋል። ያኔ ዳገት ላይ ቀጥ ቢልብዎትስ?"

ሹፌሩ ግን ይህን ሞተር ከእሷ ዕድሜ በላይ እንደሚያውቁት ተናገሩ። እውነቱን ለመናገር፣ የእኔም ልብ ወደ እሳቸው አዘንብሎ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቀላል ነገር አይደለም።

እሷ አልተሟገተችም፤ ቀርበው እንዲያዩ ብቻ ለመነቻቸው። የአየር ማጣሪያውን አውጥታ ብታራግፈው አቧራው እንደ ዱቄት ተዘረገፈ። ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው የጎማ ቱቦም ተሰንጥቆ፣ ቱርቦው የገፋው አየር መንገድ ላይ እየባከነ ነበር። ሁለቱንም ለወጠች። ከዚያ ካቻቢቴዋን አንስታ የፖምፓውን ብሎን ወደ ቀድሞ ልኩ መለሰችው።

"ጭራሽ ቀነስሽብኝ?"

"አመጣጠንኩት ጋሼ። እምቢ ካለ መልሼ እከፍተዋለሁ።"

ሹፌሩም፣ ባዶውንማ ማን አይወጣም ብለው ከጎረቤት የአሸዋ ከረጢት አስጫኑበት። ሦስታችን ያንኑ ዳገት ጀመርን። ጠዋት የቆምንባትን ቦታ ማርሽ እንኳ ሳይቀንሱ አለፏት። በመስታወቱ ወደ ኋላ ስናይ መንገዱ ጥርት ብሏል። አናት ላይ ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍተው ወደ እሷ ዞሩ።

"ጠዋት አርባ ሰው ይዤ ነበር" አሉ። "ብሎኑን ብትከፍቺልኝ ኖሮ ነገም አርባ ሰው ጭኜ ወደዚያ ገደል አፋፍ እመጣ ነበር። ስላልታዘዝሽኝ አመሰግንሻለሁ፣ ልጄ።"

"የሞተር ድምፅ መስማት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት" አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ይኸው ከዚያ ወዲህ አውቶቡሱ በአነስተኛ ናፍጣ ብዙ ይሄዳል፣ ውሃ አያፈላም፤ በመንገዱ ዳር ያሉ ቤቶችም መስኮታቸውን ይከፍታሉ። ሹፌሩ ሌሎቹን ሹፌሮች ይዘው፣ ናፍጣ ከመጨመራቸው በፊት አየሩን እንዲያዩ ይመክራሉ። እኔም ጠዋት ጠዋት ከአውቶቡሱ ስወርድ አመሰግናቸዋለሁ፤ እሳቸውም በእጃቸው ቁልቁል ወደ ጋራዡ እያመለከቱ፣ "ለእሷ ይንገሯት" ይሉኛል።